የኸዲጃን ስም ለሸረፈው መፈለጊያ ኃላፊ

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ሠራተኞች የስም መዝገብ ማዕከል የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በድረ ገጽዎ መግቢያ ላይ «አማርኛን የሚረዳ ዘመናዊ መፈለጊያ» ተብሎ የተወደሰው መሣሪያም እንደምን ከረማችሁ? እኔ አስናቀው ተገኝ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ለሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት፣ ከጉልበት ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ግን ደህና አይደሉም። ይህን የምጽፈውም እርሳቸው ፈቅደውልኝ ነው።

ልጃቸው ኸዲጃ አሕመድኑር ከአራት ዓመት በፊት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትደውል ነበር። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ድምፅዋ ጠፋ። መስከረም ሲጠባ፣ ማዕከልዎ በመጠለያ የተሰበሰቡ ሴቶችን ስም በድረ ገጽ እንዳወጣ፣ ቤተሰብ ስሙን አግኝቶ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ካረጋገጠም ቶሎ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ሰማን። እናትየዋን ይዤ የወረዳው የመረጃ ባለሙያ ወደሆነው ወደ አብዱራህማን ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወግ ነውና፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ) አብዱራህማን በልደት ወረቀቷ እንዳለው «ኸዲጃ አሕመድኑር» ብሎ ጻፈ። መሣሪያዎ ፍጹም በሆነ ጨዋነት «ምንም ውጤት አልተገኘም» አለን። እኔም የፊደል ሰው ነኝና በ«ኸ»ም፣ በ«ከ»ም፣ በ«ሐ»ም፣ በ«ሀ»ም አስሞከርኩ፤ የአባትየውንም ስም አንዴ አጣብቀን፣ አንዴ ለያይተን ጻፍን። አንድ ጊዜ ብቻ ውጤት መጣ። መሣሪያው «ኑር» ስንል «ኑሮ» ማለታችን መስሎት ስለ ኑሮ ውድነት የተዘጋጀ ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ሪፖርት አቀረበልን። ልጃቸውን ለሚፈልጉ እናት የዘይት ዋጋ እንዲነገራቸው ስለታሰበ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ) ደሴ ወዳለው ቅርንጫፍዎ በሚኒባስ ሄድን። የተቀበሉን ሠራተኛ ወንበር ስበው አስቀመጡን፤ በዚህ አላማቸውም። ዝርዝሩን በዓይናችን እንድናይ ስንለምናቸው፣ መሣሪያው የመጣው ሰው ዝርዝር ከማገላበጥ እንዲያርፍ መሆኑን አስረዱን። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረው፣ «እናቴ፣ ሥርዓቱ የለችም ካለ የለችም» አሉ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ አማርኛ «የለችም» ሁለት ነገር ነው። መዝገብ ላይ የለችም ማለት ነው፤ በሕይወት የለችም ማለትም ነው። ወይዘሮ ኡምኩልሱም የሰሙት ሁለተኛውን ነበር። ስንመለስ አቀስታ ላይ መኪናው ሲቆም፣ «መምህር፣ ከእንግዲህ ዱዓዬን ልቀይረው» አሉኝ።

ኅዳር ላይ ሰደቃ አወጡላት። እስላም ክርስቲያኑ ድንኳኑ ሥር ተቀመጠ። እኔም መሣሪያዎን አምኜ አብሬ አለቀስኩ።

3ኛ) ጥር ላይ ፊርደውስ የምትባል የአቀስታ ልጅ ከዚያው መጠለያ ተመልሳ፣ እግር በእግር እናትየዋ ቤት መጣች። ኸዲጃ በደህና መኖሬን ለእናቴ ንገሪልኝ ብላ አደራ ሰጥታት ነበር። ወይዘሮ ኡምኩልሱም መልእክቱን ሰምተው ደግማ እንድትነግራቸው ለመኗት።

እኔና አብዱራህማን በማግስቱ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ስም ጀምረን ማንበብ ያዝን። ገጽዎ በአንድ ጊዜ ሃያ ስም ያሳያል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ «ከዲጃ አህመድ ኑር፣ ቦረና ወረዳ» የሚል፣ ወረዳውም የእኛው የሆነ፣ አገኘን። የገባችበት ቀን የነሐሴ ነው፤ ደሴ በሄድን ጊዜ እዚያው ነበረች ማለት ነው። ከአጠገቧ «ቤተሰብ ያልተገኘላት፣ ፋይሉ ተዘግቷል» ተብሎ ተጽፏል።

አብዱራህማን ወደ ማዕከልዎ ደውሎ አንድ ቅን ባለሙያ አነጋገረ። መሣሪያው ጽሑፍ ሲያስቀምጥ ከቃል መጀመሪያ ላይ «ከ»ን፣ «በ»ን፣ «ለ»ን፣ «የ»ን ይቆርጣል አሉት፤ «ከደሴ» ያለው ሰነድ «ደሴ» ተብሎ ሲፈለግ እንዲገኝ። ሐሳቡ መልካም ነው። የሰው ስም መሆኑን ግን አይለይምና ከዲጃንም «ከ» እና «ዲጃ» ብሎ ቆረጣት። በዚያ ላይ የሚቆርጠው ሲያስቀምጥ እንጂ ሲፈልግ አይደለም፤ ሰውንም የሚፈልገው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። እኛ «ዲጃ» ብለን ስንጽፍ በዓይን ጥቅሻ መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመት መስተዋድድ ሳስተምር ስንት ሰነፍ ተማሪ ገጥሞኛል፤ ከዲጃን «ከዲጃ ዘንድ» ብሎ የተረዳልኝ ግን አንድም አልነበረም።

4ኛ) የተዘጋ ፋይል አይከፈትም ስለተባልን፣ ኸዲጃ መጋቢት ላይ ቤተሰብ የላቸውም ከተባሉት ሴቶች ጋር ተመለሰች። እናትየዋ አንገቷ ላይ ሲጠመጠሙ እርሷ እጇን ሳታነሳ ቆመች። ለስድስት ወር በየሳምንቱ፣ ስሟን የጠየቀ ሰው እንደሌለ ይነገራት ነበር። «ለምን አልፈለጋችሁኝም?» ነው ያለችው።

እናትየዋ ወደ እኔ ዞሩ፤ መምህር ያስረዳታል ብለው። አስረዳኋት። ስለ «ከ»፣ ስለ መቁረጡ፣ ስለ ገጹ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «መምህር፣ በአንድ ፊደል?» አለችኝ።

አሁን አቀስታ ከፊርደውስ ጋር ትኖራለች። እናትየዋ በገበያ ቀን ይሄዳሉ፤ አብረው ይቀመጣሉ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይለያያሉ። ቃላችንን አምና እናቷን ይቅር ማለት የምትፈልግ ይመስለኛል፤ ማመኑ ነው ያቃታት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እለምንዎታለሁ፦ እናቷ መስከረም ላይ እንደፈለጓት፣ ያላገኛትም የእርስዎ መሣሪያ እንደሆነ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር ይጻፉላት። የእኔን ቃል አላመነችም፤ የማኅተምዎን ታምን ይሆናል።

ሥራዎ እንዲሰምር፣ ስምዎም በማንም መዝገብ እንዳይሸረፍ የሚመኝ፣
አስናቀው ተገኝ፣ የቀድሞ የአማርኛ መምህር፣ መካነ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገጽዎን ስናገላብጥ በእነዚያ አራት ፊደላት የሚጀምሩ፣ ፋይላቸው የተዘጋ የስልሳ ሦስት ሴቶችን ስም ገልብጬ ነበር፤ በዛች፣ ለምለም፣ የሺ፣ ከበቡሽ እያለ ይቀጥላል። በትልቁ ጽፌ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ከማሻና ከደጎሎ የመጡ አምስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አግኝተዋል። የተጠቀምኩት እስክሪብቶና ሙጫ ነው፤ ማዕከልዎ ቴክኖሎጂውን ከፈለገው በነጻ ላካፍል ዝግጁ ነኝ።