ሰዓቱን አልቀበልም አልኳቸው

ለምወድሽ እህቴ ለዊኒ፣

እንዴት ከርመሻል? ባልሽ አርተርስ እንዴት ነው፣ ወገቡ ተሻለው? ልጆችሽስ፣ ሺላና ኮሊን፣ ዛሬም በባዶ እግራቸው ነው የሚሮጡት ወይስ ጫማ ለመዱ? እናንተ ጋ አሁን ብርዱ እየገባ ነው አሉ፤ እዚህ ብራክንሾ ከገና ወዲህ ፀሐይ ያየ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። እማማ ደህና ናት። ሳሏ ቀለል ብሎላታል፣ ምላሷ ግን ያው ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ እጄም ከፋሻ ወጥቷል። ፊደሌ ከተንጋደደ ትምህርት ቤታችንን ውቀሺ እንጂ አጥንቴን አትውቀሺ፤ የተሰበርኩት በግራ ነው።

ለፋሲካ የጻፍሽው ደርሶኛል። "በቃህ ክሊፍ፣ አንገትህ ሳይሰበር ተው፤ አርተር ባቡር ጥገናው ውስጥ ሥራ አግኝቶልሃል፣ መርከብ ተሳፍረህ ና" ብለሻል። ለእማማም ለብቻዋ እንድትመክረኝ እንደጻፍሽላት አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። ግን አንቺ አውስትራሊያ ሆነሽ የሰማሽው ጋዜጣ የጻፈውን ነው፣ ጋዜጣው ደግሞ ግማሹን ነው የጻፈው። ሌላውን ግማሽ ከእኔ ስሚ።

የዋንጫው ጨዋታ ዕለት፣ እረፍት ሊወጣ ሲል፣ የማዕዘን ምት መጣብን። ኳሱን በሁለት እጄ ይዤ ደረቴ ላይ አጣብቄዋለሁ። የለንደኖቹ አጥቂ፣ የቢራ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ የሚያህል ሰውዬ፣ በትከሻው መጥቶ ከቋሚው ጋር አጣበቀኝ። በረኛን ከነኳሱ ገጭቶ መረብ ውስጥ መክተት እዚህ አገር ነውር አይደለም፣ ዳኛው ዞር ብሎም አላየኝ። ከትከሻዬ ወደ አንገቴ የሚሄደው አጥንት ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ኳሱን ግን አለቀቅሁም፤ ይህን ጋዜጣው አልጻፈውም።

ተቀያሪ የሚባል ነገር እንደሌለን ታውቂያለሽ። በረኛው ከተጎዳ ማሊያውን ለሌላው አውልቆ ሰጥቶ፣ ቁጥር እንዳይጎድል ክንፍ ላይ ሄዶ ይቆማል። ሊቀ መንበራችን ታክሬይ፣ ያ ስትሸምኚለት የኖርሽው ባለ ፋብሪካ፣ ልብስ መቀየሪያው ድረስ ወርዶ "ዝም ብለህ ቁምልን፣ ምንም አትንካ" አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አሰሩት። ማሊያዬን ተከላካዩ ኖርማን ለበሰው። ኖርማን የዋህ ሰው ነው፣ ግን ከፍ ያለ ኳስ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። ከእረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ አገቡበት።

እኔ ጭቃው ውስጥ ተገትሬያለሁ። ከለንደን የመጣው ደጋፊ "አያታችን፣ አውቶቡስ እየጠበቅክ ነው?" ይለኛል። ይሁን፣ የእነሱ ነገር አይሞቀኝም አይበርደኝም። ግን የእኛም ሰዎች ሳቁ፣ ዊኒ። የእኛው የብራክንሾ ሰዎች! ያን ጊዜ እልህ ያዘኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ግቡ ሄድኩና ኖርማንን "አውልቅ" አልኩት። "አብደሃል እንዴ?" አለኝ። "ማበዴን በኋላ እንነጋገርበታለን፣ ማሊያዬን አውልቅ።" ሸክም እንደወረደለት ሰው አወለቀው፤ እሱው ራሱ በጭንቅላቴ አጠለቀልኝ።

የቀረውን በአንድ እጅ ተጫወትኩ። የሚመታውን በቡጢ መታሁ፣ የሚረገጠውን ረገጥኩ፣ ሌላው ላይ ተኛሁበት። ያ ፈረስ ደግሞ ሊገጨኝ ሲመጣ ዞር አልኩለትና ብቻውን መረቡ ውስጥ ገብቶ ተጠላለፈ። ያን ጊዜ የሳቁትን ብታዪ! በአንዲት ጎል ተሸነፍን፣ አልደብቅሽም። እኔ ላይ ግን አንድም አልገባም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት የጨዋታው ዘመን ሲዘጋ ክለቡ እራት ጠራን። ጥብስ አለ፣ ሚስቶች ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ እኔ የቡድኑ ግብዣ መስሎኝ እበላለሁ። ታክሬይ ተነሣና ስለ እኔ የሞተ ሰው እንደሚያነሳ ማውራት ጀመረ። ከዚያ ጨርቅ ገለጠ። የእንጨት ሰዓት ነው፣ ከሥሩ ናስ ላይ ስሜን፣ የጀመርኩበትን ዓመትና የጨረስኩበትን ዓመት አስቀርጸዋል። መጨረሴን ማን ጠይቆኝ? የሰዎቻችንን ነገር ታውቂያለሽ፤ ሰው አበቃህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰዓት ይሰጠዋል፣ ይጨበጨብለታል፣ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። አባባም ከፋብሪካው እንዲሁ ተሰጠው። አመስግኖ ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲያ ከወንበሩ ሲነሣ አላየነውም።

ሁሉም ቆመው ያጨበጭባሉ። እኔ ሰዓቱን አልነካሁትም። "ሚስተር ታክሬይ፣ እጅግ ያማረ ሰዓት ነው፤ ግን መጨረሻዬን ማን ነገራችሁ? እኔ አልነገርኳችሁም" አልኩት። ጭብጨባው ተቋረጠ። "ክሊፎርድ፣ ሠላሳ ሰባት ሞላህ እኮ" አለኝ እየሳቀ። "ስድስቱን ጦርነቱ ነው የበላው። እሱን ከጦርነቱ ተቀበሉ፤ እኔ ሠላሳ አንድ ነኝ" አልኩት። ኖርማን ሳቁን መያዝ አቃተው። ታክሬይ ፊቱን አጠቆረና ሰው ሁሉ እየሰማ "እንግዲያው ነሐሴ ላይ፣ አዲሱ የጨዋታ ዘመን ሲከፈት፣ ግራ እጅህን ከራስህ በላይ አንሥተህ ኳስ ያዝልኝ፤ ያን ጊዜ ቦታው ያንተ ነው። ካልቻልክ ሰዓትህን ትወስዳለህ" አለኝ። ሐኪሙ ደግሞ ከትከሻህ በላይ አታነሣውም ብሎኛል። ሐኪሙ በረኛ ሆኖ አያውቅም።

እማማ እስክገባ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችኝ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ሻይ ቀዳችልኝ። በማግስቱ ጓሮ ወጥቼ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያነጠርኩ ዝቅ ዝቅ ያለውን በግራዬ ስይዝ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች መጣች። አንድ ቀን ሜዳ ረግጣ የማታውቀው እናታችን ኳሱን ከእጄ ወሰደችው። "እማማ፣ ዝቅ አድርገሽ ወርውሪልኝ፣ ከፍ ያለው ገና ነው" አልኳት። "እነዚያስ አስፈቅደውህ ነው የሚመቱት?" አለችና በግራ በኩል ከራሴ በላይ ለቀቀችው። አጥሩን አልፎ የጎረቤት ጎመን ላይ ወደቀ። "ሂድ አምጣው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሻይ በኋላ ትወረውርልኛለች። ሕመሙን አልነግርሽም። ስጮህ "እንደገና" ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። ትናንት የጣቶቼ ጫፍ ኳሱን ነካ፤ እማማ ኳሱን አንሥታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ስለዚህ አርተር ሥራውን ለሌላ ሰው ይስጥልኝ፣ ልፋቱን ግን አልረሳውም። ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ከባድ ነገርም አያንሣ። ሺላን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ኮሊንን አጎትህ ዛሬም በረኛ ነው በይው። እማማ እግዚአብሔር ከልጆችሽ ጋር ይጠብቅሽ ብላለች፤ ሌላውን ራሴ እጽፍላታለሁ፣ አሁን ጊዜ የለኝም ትላለች። ከጓሮ እየጠራችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም፤ ዛሬ ከትናንቱም ከፍ አደርገዋለሁ ብላ ዝታለች።

ወንድምሽ ክሊፎርድ
ብራክንሾ፣ ዮርክሻየር
ሜይ 14 ቀን 1953