ፈሳሽ ሆኖ ስለተገኘው ደረቅ ወይን

ለተከበሩ የፈሳሽና ደረቅ ሸቀጦች ልየታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ባለበት እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፒያሳ ወርቅ ስሠራ ያረጀሁ ገብረዮሐንስ የምባል ሰው ነኝ፤ የምጽፍልዎም ከሱቄ ፊት ለፊት ስላለው፣ በእርስዎ ትእዛዝ በሩ ስለታሸገው የወ/ሮ ትብለጽ ምግብ ቤት ነው።

ወ/ሮ ትብለጽ ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ቤቱን ሊለቁ ጫፍ ደርሰው ሳለ፣ ከአሳ ጥብስ ጋር የሚጠጣ የጣሊያን ነጭ ወይን አስመጡ። ክቡርነትዎ፣ ምን ዓይነት ወይን መሰለዎት! ሲያዩት ውሃ የሚመስል፣ ሲያሸቱት ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ፣ ቅባቱን ከአፍ ጠርጎ ሌላ ጉርሻ የሚያስመኝ ነው። ጠጅ ጠጥቼ ወደ ሥራ ስመለስ ቀለበቱ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ ይህንን ጠጥቼ ግን ከሰዓት በኋላ ስበይድ እጄ ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩ ሰው ምሳ ሰዓት እዚያ መሰብሰብ ጀመረ፤ ቤቱም ነፍስ ዘራ።

ጥፋቱ የመጣው ከቃል ነው። ጠርሙሱ ላይ ሴኮ የሚል የጣሊያንኛ ቃል አለ፤ ወ/ሮ ትብለጽም ለደንበኛው እንዲገባው ብለው ወደ አማርኛ መለሱትና ደጃፋቸው ላይ «ቀላል፣ ደረቅ ነጭ ወይን አለ» ብለው ለጠፉ። በጣሊያንኛው ቢተዉት ኖሮ ማን ይነካቸው ነበር? ማኪያቶ እድፍ የነካው ማለት ነው ይላሉ፣ ግን እድፍ ትሸጣላችሁ ተብሎ የታሸገ ካፌ እስካሁን አላየሁም። እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር ላቅርብ።

፩. ተቆጣጣሪዎ አቶ አማኑ መጥተው ማስታወቂያውን አነበቡ፤ ጠርሙሱን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ነቀነቁና ሲንቦጫረቅ ሰሙ፤ ፈሳሽን ደረቅ ነው ብሎ መሸጥ ሸማችን ማታለል ነው ብለውም በሩን አሸጉ። ወ/ሮ ትብለጽ፣ ኧረ በማርያም፣ ደረቅ ማለት እኮ የማይፈስ ሳይሆን ስኳር የሌለው ማለት ነው ብለው ቢለምኑ፣ አቶ አማኑ ደረቅ ጥብስ ብዙ ጊዜ በልተው እንደሚያውቁና መረቅ ኖሮት እንደማያውቅ በትዕግሥት አስረዷቸው። ስለ ትዕግሥታቸው እናመሰግናለን።

፪. አቤት ቢባል፣ ጽሕፈት ቤትዎ ወይኑ በእርግጥ ደረቅ ከሆነ በጆንያ ተሞልቶ፣ በኪሎ ተመዝኖ ይቅረብ ሲል ወሰነ። ወ/ሮ ትብለጽ መርካቶ ወርደው ወይን የማያፈስ ጆንያ አላችሁ ወይ እያሉ ሲጠይቁ፣ ነጋዴዎቹ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ብለው ከንፈር እንደመጠጡላቸው ቢሰሙ ደስ ይልዎታል።

፫. ከዚያም የቴክኒክ ኮሚቴ ተቋቋመና ወይኑ በረንዳዎ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ተሰጣ። እውነትም ከጠርሙሱ ጠፋ! ፀሐይ ቡሽ እንደምትነቅል፣ አሳ አስጠብሳም አጥንቱን በረንዳ ላይ ጥላ እንደምትሄድ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። ኮሚቴው ናሙናው አልበቃም፣ ይጨመር፣ አሁንም ይጨመር እያለ የወ/ሮ ትብለጽን ጓዳ ባዶ አደረገው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ ባለቤት የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው አምጥቶ ግድግዳውን ያስለካ ነበር። ሴትዮዋ የታሸገ በራቸው ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቼ በእርስዎ በጣም ተናደድኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ መናደዴንም ፈሳሽ ይሁን ደረቅ አልለየሁትም።

፬. በመጨረሻ ውሳኔ መጣ፤ ጠርሙሶቹ ተመርምረው በውስጣቸው አንዳች እርጥበት ስላልተገኘ፣ ደረቅ መባሉ እውነት ሆኖ ተረጋግጧል፣ ቤቱ ይከፈት የሚል። እሰይ አልን፤ እልልም ተባለ። በሩ እንደተከፈተ ቀድመው የገቡት ደንበኞች የኮሚቴዎ አባላት ነበሩ፤ ያንን ነጭ ወይን በረድ አድርጋችሁ አምጡልን ብለው አዘዙ። አልቋል፣ የጨረሳችሁት እናንተው ናችሁ ቢባሉ፣ አለ ብሎ ለጥፎ የለም ማለት ሸማችን ማታለል ነው ብለው በሩን መልሰው አሸጉት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የስልክ ሽፋኑ ሰውዬ ዕቃውን ጭኖ ሳይመጣ በሩን እንዲያስከፍቱልን፣ ካልሆነም የኮሚቴው አባላት የጠጡትን ወይን በምን ዓይነት ጆንያ እንደሚመልሱ እንዲያሳውቁን በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምናለሁ።

ጉሮሮው ደንብና መመሪያን ተከትሎ የደረቀው፣ የቸርነትዎን ደጅ የሚጠና የወ/ሮ ትብለጽ ጎረቤት
ገብረዮሐንስ፣ ወርቅ ሠሪ
ፒያሳ

ማሳሰቢያ፦ ወ/ሮ ትብለጽ በሩ ቢከፈትላቸው ከእንግዲህ ወዲያ ለስላሳ ብቻ ለመሸጥ ምለዋል። ለስላሳነቱን በእጁ ዳስሶ የሚያረጋግጥ ባለሙያ የሚልኩ ከሆነ፣ እባክዎ እጁን ታጥቦ ይምጣ።