የዘለልኩት ዙር

ሰኞ
ዕጢው አድጓል። የአዲስ አበባው ሐኪም ፊልሙን ሁለቴ አየና "እትዬ ዘይነባ፣ መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል" አለኝ። የጡቴ ካንሰር በመጀመሪያዎቹ ሁለት የመድኃኒት ዙሮች እንዴት ሟሽሾ ነበር! አሁን ብብቴ ሥር ባቄላ የሚያህል ነገር ይዳሰሰኛል።

ለማንም ያልነገርኩት አለ። ሦስተኛውን ዙር አልወሰድኩም። ለባለቤቴ ለዓሊ አዲስ አበባ ሄድኩ ብዬ፣ ደብረ ሲና እህቴ ቤት ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ለሆስፒታሉ "መንገድ ተዘግቶብኝ" አልኩ። የእኛ አገር መንገድ ነውና ማንም አልተጠራጠረኝ።

ማክሰኞ
በሽንኩርት ማሳችን ላይ ያንኑ የተባይ መድኃኒት ከደጋገምን ተባዩ ይለምደዋል። ስለዚህ እያሳረፍን፣ እየቀያየርን እንረጫለን። እኔም ሰውነቴ እንዳይለምደው ብዬ ማሳረፌ ነበር። ብልጥ መሆኔ ነው እንግዲህ!

ዛሬ ለሐኪሙ ሁሉንም አወጣሁለት። ይጮህብኛል ስል ወንበሩን አስጠጋ። "የሚለምደው ሰውነትዎ አይደለም፤ ካንሰሩ ነው" አለኝ። የካንሰሩ ሕዋሶች አንድ ዓይነት አይደሉም አለኝ። ደካሞቹ ሲሞቱ ጥቂት ጠንካሮች ይተርፉና ይራባሉ። አንዳንዱ የገባበትን መድኃኒት መልሶ ይተፋል፣ አንዳንዱ ጉዳቱን ይጠግናል። ማሳረፌ ለተረፉት ጊዜ መስጠት ነበር።

"ታዲያ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?"

"ባይቀሩም ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ማንም ማወቅ አይችልም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
ሌላ መድኃኒት ጀመሩልኝ፤ አገዳደሉ የተለየ ነው አሉ። ውጤቱ ከሁለት ዙር በኋላ ይታያል፣ ኢንሻአላህ። የዛሬ ድሎቼ፦ ነርሷ ደም ሥሬን ባንዴ አገኘችው። ግማሽ ሙዝ በላሁ። አላስመለሰኝም።

ሐሙስ
አውቶቡሱ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ዓሊ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ። ቤት እንደገባን ነገርኩት። "ይለምዳል፣ አሳርፊው እያልኩ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?" ብሎ አለቀሰ። በትዳራችን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሳባብለው ዋልኩ፤ በሽተኛዋ ማን እንደሆነች እንጃ።

ዓርብ
ማስመለሱ ዛሬ መጣ። አፌ መረረ። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ የማውቀው ነገር የለም፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ዓሊ ከጁምዓ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ደግሞ ትቀሪያለሽ?"

"ወላሂ አልቀርም።"

"እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ቀጠሮዬ የሚውለው ሽንኩርታችን በሚነቀልበት ሳምንት ነው። የዓመት ልፋታችን ነው፤ እሱ ከሌለ ማሳው ላይ ይቀራል።

"ሽንኩርቱስ?" አልኩት።

"ይበስብስ" አለኝ።