ከዓመተ ምሕረቱ በቀር ያላነበብኩት ማመልከቻ

ውድ እትዬ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ፣ ሁለቴም ጤናሽን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። ፈሪነቴን ታውቂዋለሽ፤ በጽሑፍ ይሻለኛል።

ለሦስት የፓምፕ መሐንዲስ ቦታ ስልሳ ሦስት ማመልከቻ መጣ። የመጀመሪያውን ማጣራት ለእኔ ሰጡኝ። መሥሪያ ቤታችን ለዘመድ እንዳናደላ ብሎ፣ ጸሐፊዋ ስሙን በወረቀት ሸፍና ነው የምታቀርብልን። እኔ ደግሞ የራሴ ብልሃት አለኝ፤ ማስመሪያዬን የሥራ ዘመኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ታች መውረድ ነው። መሀል ላይ ሁለት ዓመት ሥራ የፈታ ካገኘሁ "እጁ ዝጓል" ብዬ ወደ ጎን። ዐሥራ አራት ሰው እንዲህ ጣልኩ። አንዱ ላይማ "አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር?" ብዬ በቀይ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ጸሐፊዋ የተጣሉትን ስም ገልጣ "አልተመረጡም" የሚለውን ደብዳቤ እንድፈርም አመጣችልኝ። ቀይ የጻፍኩበት ያንቺ ነበር። ሁለት መስመር ዝቅ ብዬ ባነብ ኖሮ፣ ያንን የተጣመመ የፓምፕ ዘንግ እንዴት እንዳቃናሽው አገኘው ነበር፤ ስንቴ ያወራሽልኝን።

እትዬ፣ እነዚያን አራት ዓመታት ከእኔ በላይ ማን ያውቃቸዋል? እማዬን ስታገላብጪ፣ ስታጥቢ፣ ስታጎርሺ ነው ያለቁት። እኔ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዤ ብቅ እል ነበር፣ እንደ እንግዳ። "አንተ ሥራህን አትፍታ፣ እኔ አለሁ" ስትዪኝ ቅልል እንዳለኝ ዛሬ ልናዘዝ። በጣም አፍሬያለሁ።

ሳትነግሪኝ ያመለከትሽውም ገብቶኛል፤ በወንድሟ ገባች እንዳይባል ነው።

አልፈረምኩም። ዋናው መሐንዲስ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"ለእህትህ ብለህ ነው?" አለኝ።

"ዓይኔ የተገለጠው በእሷ ነው። ግን ዐሥራ አራቱም እንደገና ይታዩ፤ እኔ ከዚህ ምርጫ ልውጣ።"

"ማስመሪያህን እዚሁ አስቀምጥና ውጣ" አለኝ።

ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሰጠው። ያ ሰው አንብቦ ዘጠኙን ለፈተና ጠርቷል፤ አንቺም አለሽበት። ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ እዚያ ክፍል አልገባም፤ ከዚህ በኋላ የሚያስገባሽ ሙያሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ስለ አራቱ ዓመት መጠየቅሽ አይቀርም። አውቅሻለሁ፣ አንገትሽን ደፍተሽ "ቤት ነበርኩ" ትያቸዋለሽ። እንዳትዪ። "እናቴን ሳስታምም ነበር፤ የእኔንም፣ የወንድሜንም ተራ" በያቸው። ወንድምሽ ማን ነው ካሉሽ፣ እኔ መሆኔን ንገሪያቸው።

ይቅርታሽን የሚጠብቅ
ታናሽ ወንድምሽ