የክላርኔቱ ወንበር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለልዎት? እትዬ ሮማነወርቅስ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኔ እንደምንም ቆሜ እሄዳለሁ። መኪና የነጠቀኝን ልጄን ፍሬዘርን ከቀበርኩ ወዲህ ግን ደህና ነኝ ማለት አቅቶኛል።

መልእክትዎ ደርሶኛል። አባባ ጣልያን ከወጣ በኋላ ያቋቋሙት የዳንስ ባንድ ታሪኩ በጥምቀት ሰሞን በሆቴል ሊከበር ነው፤ ክላርኔታቸውን በሰው ላኪልኝ፣ የባንዱ የታደሰ ልጅ ይነፋዋል ብለውኛል። ስለ ፍሬዘር አንድ ቃል የለበትም። ያን ታሪክ የለቀመው ማን ነው? እዚህ አሜሪካ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ምሳው እየቀዘቀዘበት በስልክ ሲጠይቅዎት ይውል የነበረው ልጄ አይደለም? እማ፣ አጎቴ እኮ ከበሮውንም በአፋቸው ነው የሚመቱት እያለ ይስቅ ነበር።

የባንዱን ወግ የነገሩትም እርስዎ ነዎት። ከመካከላቸው ሰው ሲሞት መሣሪያው ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም፤ የሟቹ ተራ ሲደርስ ሌላው ዝም ይላል፣ ከበሮ ብቻ ይመታል። አባባ ለሳክስፎኒስቱ ለአለምሰገድ እንዲህ ሲያደርጉ ጨፋሪው ሁሉ ባለበት ቆመ ብለውታል። ለወሬ ሲሆን ያምራል። ለእህትዎ ልጅ ሲሆን ግን ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ ረሱት።

ፍሬዘር የአባባን ክላርኔት ይነፋበት የነበረ፣ የድሮ ዳንስ የሚጫወቱ ፈረንጆች ባንድ እዚሁ ቅርብ ሌክውድ ከተማ አለ። አለቃቸው ሽማግሌው ጄሪ ደውሎ ክላርኔቱን ይዘሽልን ነይ አለኝ። ጎረቤቴ ዓለምነሽ፣ አንቺ ሐዘንተኛ ዳንስ ቤት ምን ቀረሽ ብላ አላደርስሽም አለች። ይኸኛውም ለሌላ ሊሰጥብኝ ነው ብዬ፣ ልጣላው ተዘጋጅቼ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ በባስ ሄድኩ። ጄሪ ክላርኔቱን ተቀብሎኝ እንደ ሕፃን የልጄ ወንበር ላይ አስተኛው። የክላርኔቱ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዝም አሉ፤ ከበሮው ብቻ ቀረ። ጨፋሪዎቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆሙ። ማን አስተማራችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ፍሬዘር ነው፣ የአያቴ ባንድ ወግ ነው ብሎ ነግሮናል አለኝ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ክላርኔቱን አልልክም። ዓመቱ እስኪሞላ ከዚያ ወንበር አይነሳም። የታደሰ ልጅ ሌላ ይፈልግ።

ለእትዬ ሮማነወርቅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ልጅዎ ፀዳል በስልክ እንዴት እንዳለቀሰችልኝ አልረሳም፤ ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ለወንድሟ ለእንዳልክም እንዲሁ። እርስዎንም እግዚአብሔር ይጠብቅዎት፤ ያው ወንድሜ ነዎት። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ከጎንዎ አንድ ወንበር ባዶ ይተዉ። የማን ነው ብለው ከጠየቁዎት፣ ስሙን ይናገሩ።

እህትዎ አበዛሽ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.