የዘነበች የመጨረሻ ውዝዋዜ

ዓርብ

ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ መሠረት ላይ ያሳበቅኩት እኔ ነኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው። መሠረት እዚህ ሰው አገር፣ ሆዳን ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ነበረች። በውዝዋዜ ቡድናችን ውስጥ እንደ እሷ ትከሻ ያላት አልነበረም። ለማዳሟ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ እያለች ዓርብ ዓርብ ልምምድ ትመጣለች። ባሌ ከባድ መኪናውን የሾፌሮች ማቆሚያው ፔካ 12 አቁሞ ሊያየን ሲመጣ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ሌላ ምንም አላየሁም። ለማዳሟ ደወልኩ። በሶማልኛ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር፦ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ውዝዋዜ ነው የምትሄደው። በዚያው ቀን አባረረቻት። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራት በለበሰችው ልብስ ወደ ድንበር ተወሰደች። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ቡድኑ ከተወዛዋዦቹ አንዷን፣ ዘነበችን ጠረጠረ፤ ከመሠረት ማዳም ጎረቤት ቤት ትሠራ ስለነበር ብቻ። ማለች፣ አለቀሰች፣ አስወጧት። እኔ ከበሮዬን ታቅፌ ዝም አልኩ። ባሌም ሞተ፤ ለእሱም አልነገርኩትም።

ዛሬ ዘነበች ካርቲየ 3 ሰፈር የምንለማመድበት ግቢ በር ላይ መጥታ ቆመች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው። በዋዜማው፣ ዓርብ በምናሳየው ዝግጅት ላይ፣ አንዴ ብቻ አብሬያችሁ ልወዛወዝ ብላ ለመነች። ተወዛዋዦቹ አሥራ አንድ ናቸው። እስክስታው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ስለሆነ አንዷ ሁልጊዜ ያለ አቻ ትቀራለች። አለቃችን ጽጌ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ማዳምሽስ ፈቀደች? ወይስ ስልክ ደውለሽ ነው የምታስፈቅጂው?» አለቻት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ከዚያ ጽጌ «እሺ፣ ነይ» አለቻት። ገረመኝ።

እሑድ

ጽጌ የሰፋኋቸውን ቀሚሶች ልታይ መጣች። ለምን እንደፈቀደች ነገረችኝ። ጥንዶቹ በሚገጥሙበት ቦታ ላይ ዘነበችን መሀል ትተው ሁሉም ጀርባቸውን ይሰጧታል። ሕዝብ ፊት። «እትዬ ሙሉ፣ አንቺ ከበሮሽን ብቻ ምቺ። መሠረት የቀመሰችውን እሷም ትቅመሰው» አለችኝ።

ጽጌ ክፉ ሰው አይደለችም። መሠረትን እንደ እህቷ ነበር የምትወዳት።

ማድረግ የምችለው፦ ለጽጌ እውነቱን መንገር። ዘነበችን እንዳትመጣ ማስጠንቀቅ። ታምሜያለሁ ብሎ መቅረት። ቀኑን ሙሉ ያሰላሰልኩት ሦስተኛውን ነው።

ማክሰኞ

ዘነበች የድሮ ቀሚሷን ይዛ መጣች። ከስታለች፤ ጎኑን እንዳጠብብላት ነው። መርፌ በከንፈሬ ይዤ ስለካት እሷ ታወራለች። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ለበዓል የጠራት አንድ የአበሻ ቤት የለም። ወንድሟ ሲሞት ልቅሶ የደረሳት የለም። ብቻዋን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በሩን ከፍታ ዋለች፤ ምናልባት አንድ ሰው ከመጣ ብላ።

«አሁንማ እውነቱ ገብቷቸዋል፣ እትዬ ሙሉ። ባይገባቸው ነይ ይሉኝ ነበር?» አለችኝ።

መርፌውን ከአፌ አውጥቼ መናገር እችል ነበር። ጎኑን ሁለት ጣት አጠበብኩት። መስታወት ፊት ቆማ ተሽከረከረች። ያምርባታል።

ሐሙስ

መጽሐፍ ገለጥኩ። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ምንም አልገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፣ ባሌ ዕቃ ጠቅልሎ በሚያመጣቸው ጋዜጦች። ያነበበ ሰው ደግ ይሆናል ብዬ አምን ነበር።

ነገ ከመጀመራችን በፊት ለጽጌ እነግራታለሁ።

ዓርብ

አልነገርኳትም።

አዳራሹ ሞልቷል። ሾፌሮቹ ከነጫታቸው ፊት ወንበር ይዘዋል። ዘነበች ስትወጣ ትከሻዋ አንድም ነገር አልረሳም፤ አጨበጨቡላት። ከዚያ ቦታው ደረሰ። አሥራ አንዱም በአንድ ጊዜ ጀርባቸውን አዞሩባት። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ወደ አንዷ ሄደች፣ ጀርባ። ወደ ሌላዋ፣ ጀርባ። ሰዉ ለቀልድ የተዘጋጀ መስሎት አሽካካ። አንዱ ሾፌር «እዚህ ዙሪ እንጂ፣ እኛ አለንልሽ» አላት።

አላቆመችም። ጀርባቸውን እያየች እስከ መጨረሻው ተወዛወዘች። እኔም አላቆምኩም። እጄን ከከበሮው ባነሳ ሁሉም ይቆም ነበር።

ከመድረኩ ኋላ ፈልጋ አገኘችኝ። እጄን ይዛ ሳመችው። «ሁሉም ሲተወኝ አንቺ ብቻ አልተውሽኝም። ከበሮሽ ባይኖር እዚያው ወድቄ ነበር» አለችኝ።

እጄን አልነጠቅኳትም። «አይዞሽ» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት

ዘነበችን የሚወስዳት መኪና ከሰዓት በኋላ ከፔካ 12 ይነሳል።

ይህን ጽሑፍ ለእሷ ልሰጣት አስቤ ነበር። ማንበብ አትችልም። አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ እኔ ደግሞ ነገርኳት ብዬ ልቤን አሳርፋለሁ። አይሆንም።

ጽጌን ማዳሟ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ትልካታለች፤ አራት ሰዓት ገደማ በበሬ ታልፋለች። እዚያው ቆማ እንድታነበው አደርጋለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ትተፋብኝ ይሆናል። ለሌሎቹ ደውላ ዘነበችን እግሯ ላይ ወድቀው ለመሸኘት ግን ጊዜ አላቸው። ካልሄዱ ብቻዬን ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ። እንዲህ ብዬ ስንት ጊዜ እንደቀረሁ ከላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከእጄ ይውጣ።

ተቀባይዋ ጽጌ ናት።