ከማዋለጃ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስለማይጠፋው ስልክ ቁጥር

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኔትወርክ ማውጫ አገልግሎት ኃላፊ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ግድግዳ አበላሽታለች ብለው ማስጠንቀቂያ የጻፉብኝ አዋላጅ ነርስ ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ ላመስግን። የማህፀን ሐኪማችን ቢሮዋ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲዛወር፣ በኮምፒውተር በሚታየው የሠራተኞች ስልክ ማውጫ ላይ ከስሟ ጎን ያለው ቁጥር እንዲታረምልን በትሕትና ጠየቅን። ለውጥ መጠየቅ የሚችለው ባለስሙ ብቻ መሆኑን አስረዱን። ባለስሟ ራሷ ስትጠይቅ ደግሞ ማረጋገጫው የሚሰጠው በተመዘገበው ቁጥር ተደውሎ ነው ተባለች፤ ያ ስልክ ግን የሚጮኸው አሮጌ ቢሮዋ ውስጥ፣ ማለትም ዛሬ መጋዘን በሆነው ክፍል ነው። ደጋግመን አመለከትን፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብን።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። እኔ በጎን ባለው ክፍል ሌላ እናት ሳዋልድ፣ አንዲት የወለደች እናት ደሟ አልቆም አለ። ገና ወደ እኛ የተዛወረችው ባልደረባዬ በማውጫው ላይ ያለውን ቁጥር አምና ለሐኪሟ ደወለች። ስልኩን ያነሱት የመጋዘኑ ጥበቃ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ሐኪሟ የት እንዳለች አላውቅም፤ ግን እግር አለኝ፣ ፈልጌ አመጣታለሁ» አሏት። እኒያ ሽማግሌ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው፣ የየክፍሉን በር እያንኳኩ፣ ሐኪሟን ከስብሰባ አስነስተው አመጧት። እኔ ስደርስ መተንፈስ አቅቷቸው በራችን ላይ ቁጭ ብለው ነበር።

ትክክለኛውን ቁጥር ከአልጋው ትይዩ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ፣ በቀይ ቀለም የጻፍኩት ያኔ ነው። አንዲት ቁጥር ለማረም ጊዜ ያጣው መሥሪያ ቤትዎ፣ ግድግዳዬን ለማየት ግን ወዲያው ሰው ላከ። «ያልተፈቀደ ለውጥ» መሆኑን ስላሳወቁኝም አመሰግናለሁ።

አላጠፋውም። ቢያዛውሩኝም አላጠፋውም። ቀለም ቀቢ ቢልኩ፣ ገና ሳይደርቅ መልሼ እጽፈዋለሁ። የቀዶ ጥገና ክፍል ባልደረቦቼም ብሩሹን ከእኔ ተውሰዋል፤ ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የግድግዳ ንጽሕና የማትጠላ፣ ነገር ግን ከግድግዳ የሚበልጥ ጉዳይ ያለባት፣
የማዋለጃ ክፍል አዋላጅ

ማሳሰቢያ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ስለ ቀለሙ ዓይነት ሳይቀር በዝርዝር ጠይቋል። ስለ እናቲቱ ግን ስላልጠየቀ፣ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፤ እናትም ልጅም በሕይወት አሉ።